አንድ ክኒን በሦስት ብርጭቆ

ለሕፃናት በተጻፉ የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግሞ የሚገኝ አንድ ቀላል ሙከራ አለ። ውሃ ውስጥ ሲጣል አረፋ የሚያወጣ ክኒን፣ ለምሳሌ በፋርማሲ የሚሸጠው የሚሟሟ ቫይታሚን ሲ፣ በቀዝቃዛና በሙቅ ውሃ ይጣልና የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ይታያል። ሙቁ እንደሚቀድም ማንም ይገምታል። ለምን ይቀድማል ሲባል ግን ነገሩ ይከብዳል። በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታችን ስንገባ ታናናሾቻችን የሚጠይቁን፣ ከመካከላችንም መምህራን የሚሆኑት ነገ በክፍል ፊት ቆመው የሚጠየቁት ይኸንኑ ስለ ሆነ ጥቂት ልናብራራው ወደድን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሦስት እኩል ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ይደረጋል፤ አንዱ በበረዶ የቀዘቀዘ፣ ሁለተኛው ከቧንቧ እንደ ተቀዳ፣ ሦስተኛው ከፔርሙስ የወጣ ሙቅ ይሁን። ሙቁን ትልቅ ሰው ይቅዳው። ሙቀቱ በግምት ሳይሆን በቴርሞሜትር ይለካ፤ «የፈላ ውሃ 100 ዲግሪ ነው» የሚለው የመጽሐፍ ቃል፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ አይሠራም፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነውና። ክኒኑ ሳይሰበር ይጣል፤ የተሰባበረ እንደ ሆነ ውሃ የሚነካው ገጽ ስለሚበዛ በቀዝቃዛውም ይፈጥንና ፍርዱን ያዛባል። ልጁም ሰዓቱ መቈጠር ከመጀመሩ በፊት ግምቱን በወረቀት ይጻፍ። ክኒኑ መድኃኒት እንጂ ከረሜላ አለመሆኑም ይነገረው።

በክኒኑ ውስጥ ሲትሪክ የተባለው የሎሚ አሲድና ቢካርቦኔት ሶዳ ጎን ለጎን ደርቀው ተቀምጠዋል። ደረቅ ሳሉ ተጎራብተው ይኖራሉ እንጂ አይዋዋጡም። ውሃ ሲያገኙ ይሟሙና ይገናኛሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። አረፋው እሱ ነው።

አሁን ወደ ለምኑ እንምጣ። መጻሕፍቱ «በሙቅ ውሃ ቅንጣቶቹ ስለሚፈጥኑ ብዙ ጊዜ ይጋጫሉ» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። ከ10 ወደ 20 ዲግሪ ስንወጣ፣ በፍጹማዊው የሙቀት መለኪያ ከ283 ወደ 293 ኬልቪን መሄዳችን ነው። የቅንጣቶች አማካይ ፍጥነት ከዚህ ቍጥር ካሬ ሥር ጋር ስለሚሄድ፣ ጭማሪው 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። ብዙ ኬሚካዊ ለውጦች ግን በእነዚሁ 10 ዲግሪዎች ፍጥነታቸው ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከ2 በመቶ ጭማሪ እጥፍ ከየት መጣ?

ነገሩን ሁላችንም በምናውቀው በፈተና እንመስለው። የክፍሉ አማካይ ውጤት 50 ቢሆን፣ ከ90 በላይ የሚያገኙት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ፈተናው ትንሽ ቀለል ብሎ አማካዩ 53 ቢገባ፣ መካከለኛው ተማሪ ለውጡን ከቁም ነገር አይቈጥረውም፤ ከ90 በላይ ያሉት ግን ወደ እጥፍ ሊጠጉ ይችላሉ። በቅንጣቶችም ዘንድ እንዲሁ ነው። ሲጋጩ ሁሉም አይዋሐዱም፤ የተወሰነ የመነሻ ጉልበት ያላቸው ጥቂቶች ብቻ ያልፋሉ። ሙቀት ሲጨምር ከሁሉ ይልቅ የሚበዙት እነዚህ ጥቂቶች ናቸው። ይህን በቀመር ያስቀመጠው የስዊድኑ ሊቅ ስቫንቴ አሬኒየስ ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1889 ነበር። (ይኸው ሰው በ1896 የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ ያሰላ ነው፤ ያው የአረፋው ጋዝ መሆኑ ይገርማል።) ቀመሩን ለፈተና የማይሸመድደው የኬሚስትሪ ተማሪ የለም፤ ለ10 ዓመት ልጅ ግን የሚነገረው የ90ዎቹ ታሪክ ነው።

ይሁን እንጂ በክኒኑ ላይ ልክ እጥፍ አንጠብቅ። ሰዓቱ የሚለካው መሟሟቱንም ጭምር ነው፤ ሙቅ ውሃ ቀጠን ስለሚል የክኒኑን ፊት ቶሎ ቶሎ ያጥበዋል። በአቼቶና በሶዳ ዱቄት የሚሠራውን ተመሳሳይ ሙከራ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ አንመክርም፤ ሁሉም በቅጽበት ስለሚገነፍል ሰዓት ለመያዝ አይመችም።

ከሁሉ የሚያሳስተው ፊኛው ነው። አንዳንዶች ክኒኑን በጠርሙስ ጨምረው አፉ ላይ ፊኛ ያጠልቁና፣ በሙቁ ፊኛው የበለጠ ሲነፋ «ሙቅ ውሃ ብዙ ጋዝ ይሠራል» ብለው ያስተምራሉ። ስሕተት ነው። ክኒኑ አንድ ዐይነት እስከ ሆነና ጨርሶ እስከ ተዋሐደ ድረስ የሚወጣው ጋዝ እኩል ነው። ልዩነቱ የመጣው ቀዝቃዛው ውሃ ጋዙን በሆዱ ስለሚያስቀር ነው። አንድ ሊትር ውሃ በ0 ዲግሪ 1.7 ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲይዝ፣ በ20 ዲግሪ 0.9 ሊትር ገደማ፣ በ40 ዲግሪ ደግሞ ግማሽ ሊትር ያህል ብቻ ይይዛል። ጋዙ ራሱም ሲሞቅ ይሰፋል። ፀሐይ ላይ የዋለ የአምቦ ውሃ ሲከፈት ገንፍሎ ልብስ የሚያበሰብሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ለልጁ ሰዓቱንና ፊኛውን በአንድ ቀን ባናሳየው ይሻላል፤ ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎችን ይመልሳሉና።

አንድ ነገር ይቀራል። የቧንቧው ውሃ ጥቂት ከሆነ፣ ክኒኑ እንዳለቀ ቴርሞሜትሩን ደግሞ ማየት ነው። አረፋ ያየ ሁሉ ውሃው የሞቀ ይመስለዋል፤ ቍጥሩ ግን ትንሽ ወርዶ ይገኛል፤ ይህ ለውጥ ሙቀትን ከውሃው ይወስዳል እንጂ አይሰጥምና።