ስለ ወጣት ፈረሰኞች መካከለኛ ትምህርትና ስለ ፈረስ አያያዝ

በአገራችን ስለ ፈረስ በተነሣ ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚወሳው የጦር ሜዳ ታሪክ ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ እንደ ነበር፣ ይኸውም ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ እንደ ተባሉ ማንኛውም ተማሪ ያውቀዋል። ነገር ግን ያ ፈረስ እንዴት እንደ ተገራ፣ የሚቀመጥበትም ወጣት በምን ዐይነት ትምህርት አልፎ ለዚያ እንደ በቃ ጠይቆ የሚመራመር ጥቂት ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚሁ ትምህርት መካከለኛውን ክፍል ብቻ ነው፤ ማለትም ወጣቱ ሳይወድቅ መቀመጥን ከለመደ በኋላ፣ ሽምጥ ለመጋለብና ጉግስ ለመጫወት ከመብቃቱ በፊት ያለውን ጊዜ ነው።

ይህን ክፍል የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። መጀመሪያው ትምህርት ራሱን በራሱ ያስተምራል፤ ያልተማረ ይወድቃልና። የመጨረሻውም ቢሆን ተመልካችና እልልታ ስላለው የሚያጓጓ ነው። መካከለኛው ግን ጭብጨባ የለውም፤ ስለዚህ ወጣቱ ዘሎት ያልፋል። ዘሎት በማለፉም የሚከፍለው እርሱ ሳይሆን ፈረሱ ነው፤ በአፉና በጀርባው ይከፍላል።

ለምሳሌ የምንወስደው በጎጃም የሚገኘውን የአዊን ምድር ነው። በአዊ ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም። እርሻ ያርሳል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ላይም ይቆማል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል የተሳተፉትን ፈረሶች ጭምር ያስባል። እንዲህ ባለ አገር የሚያድግ ልጅ ፈረስን ገና በሕፃንነቱ ስለሚለምድ የመቀመጥ ችግር እምብዛም የለበትም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ልጓም ሲጨብጥ ነው።

በአገራችን የተለመደው ልጓም የታችኛውን መንጋጋ የሚከብ የብረት ቀለበት ያለበት ነው። የፈረስ አፍ በፊት ጥርሶቹና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ስፍራ አለው፤ ብረቱ የሚያርፈው በዚያ አካባቢ ነው። ስፍራው በስስ ሥጋ የተሸፈነ አጥንት ስለ ሆነ ሕመም በፍጥነት ይሰማዋል። ዛቡ ሲሳብ ቀለበቱ መንጋጋውን ያጣብቀዋል፤ ስለዚህ አንድ ጣት ያህል መሳብ የሚበቃበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ልጓም የተሠራው በአንድ እጁ ጋሻና ዛብ ይዞ በሌላው ጦር ለሚወረውር ሰው ነበርና ፈጥኖ ማቆም መቻሉ ያስፈልግ ነበር። በዐዋቂ እጅ ሲሆን ጥሩ መሣሪያ ነው። ሚዛኑን በዛብ የሚጠብቅ ጀማሪ ሲይዘው ግን ፈረሱ በተንገጫገጨ ቁጥር አፉ ይመታል። አፉ የተመታ ፈረስ ደግሞ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ ጀርባውን ያጎብጣል፣ ወይም ከሕመሙ ሊያመልጥ ይሮጣል። ወጣቱም «ፈረሴ ኀይለኛ ነው» እያለ ይኮራል፤ እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኀይለኛነቱ ሕመም ነው እንላለን።

እንግዲህ የመካከለኛው ትምህርት ዋና ጉዳይ እጅን ከመቀመጫ መለየት ነው። አካል ቢናወጥ እጅ መናወጥ የለበትም። ይህም በምክር ብቻ አይገኝም፤ ልምምድ ይጠይቃል። ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ አስተማሪው ፈረሱን በልባብ አስሮ፣ 10 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ገመድ በዙሪያው እያዞረ፣ ተማሪው ዛብ ሳይዝ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ ይሄዳል። ተማሪው እጆቹን ይዘረጋል፣ በየተራ የፈረሱን ጋማና የገዛ ራሱን ጕልበት ይነካል፣ እግሩን ከእርካብ ያወጣል። ሶምሶማ ሁለት ምት አለው፤ ፈረሱ የፊት ቀኝና የኋላ ግራ እግሩን፣ ቀጥሎም የፊት ግራና የኋላ ቀኝ እግሩን አጣምሮ ያነሣል። ሰውን ከሁሉ ይልቅ የሚያነጥረው ይህ አካሄድ ነውና በሶምሶማ እጁን ማሳረፍ የቻለ ሰው በደንገላሳ አይቸገርም። ደንገላሳ ሦስት ምት ያለውና እንደ መወዛወዝ ያለ አካሄድ ስለ ሆነ ለመቀመጥ ይቀላል። ወጣቶች ከሶምሶማ ሸሽተው ወደ ግልቢያ የሚቸኩሉትም ስለዚህ ይመስለናል።

እዚህ ላይ ስለ እርካብ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። በጥንቱ ልማዳችን ፈረሰኛው በእርካቡ ውስጥ የሚያስገባው አውራ ጣቱን ብቻ ነበር። እንዲህ ባለ እርካብ ላይ የአካልን ክብደት በሙሉ መጣል አይቻልም፤ ስለዚህ የጥንቱ ፈረሰኛ በጭኑና በሚዛኑ መቀመጥ ግድ ይሆንበት ነበር። ዛሬ ጫማ የሚገባበት ሰፊ እርካብ የለመደ ወጣት በእርካቡ ላይ ተደግፎ መቆም ይችላል፤ መደገፉም መቀመጥን ሳይማር እንዲቀር ያደርገዋል። ያለ እርካብ መለማመድ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሚዛኑ ከተስተካከለ በኋላ ዛብ ይሰጠዋል። በታጠረ ግቢ፣ አስተማሪው ገመዱን ሳይለቅ፣ ዛቡን ከልጓሙ ጋር በቀላሉ በሚበጠስ የጥጥ ክር ማሰር የቆየ ዘዴ ነው። ክሩ ከተበጠሰ ተማሪው ከሚገባው በላይ መሳቡን ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ከዚያ ወዲያ 20 ሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ መዞር፣ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ እርምጃ በየጥቂቱ መለዋወጥ፣ በተወሰነ ምልክት ላይም ማቆም ይለማመዳል። ማቆምም የሚጀምረው ከእጅ ሳይሆን ከወገብ ነው፤ ተማሪው በረዥሙ ተንፍሶ በኮርቻው ላይ ረጋ ይላል፣ እግሩን ያሳርፋል፣ በመጨረሻም ጣቶቹን ይጨብጣል። ፈረሱ እንደ ታዘዘ ጣቶቹ ወዲያው መላላት አለባቸው፤ ፈረስ የሚማረው በመሳቡ ሳይሆን በመላላቱ ነውና።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ዜኖፎን ስለ ፈረስ ግልቢያ በጻፈው መጽሐፍ ፈረስን በቁጣ መቅረብ እንደማይገባ አጥብቆ ያስተምራል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ቢያልፍም በዚህ ረገድ የተለወጠ ነገር የለም።

አሁን ወደ አያያዙ እንለፍ። አያያዝ ከግልቢያ የተለየ ትምህርት ተደርጎ መታየቱ ራሱ ስሕተት ይመስለናል። የሀገር ኮርቻ በአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት የእንጨት ጎኖች አሉት። እንጨት ደግሞ ከጀርባ ጋር አብሮ አይለወጥም፤ በክረምት ወፍሮ የተለካ ፈረስ በበጋ ሲከሳ ያው ኮርቻ አጥንቱን ይነካዋል። ገጣባ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ወጣቱ ከመጫኑ በፊትና ካወረደ በኋላ በጠፍጣፋ መዳፉ ጀርባውን በሙሉ መዳሰስ አለበት። ከሌላው የሚሞቅ ወይም ያበጠ ስፍራ ካገኘ፣ ሲነካውም ፈረሱ ቆዳውን ካንቀጠቀጠ ወይም ጎንበስ ካለ፣ በዚያ ቀን አይጫንም። ላቡ ከደረቀ በኋላ በኮርቻው ሥር ብቻውን ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ ቢታይ ግፊቱ በዚያ እንደ በዛ ምልክት ሊሆን ይችላል። በግላስና በጌጥ ያማረ ፈረስ ተመልካቹን ደስ ያሰኘዋል፤ ከግላሱ በታች ያለውን ግን የሚያየው ጌታው ብቻ ነው። የሆድ ማሰሪያውም በአንድ ጊዜ ጥብቅ ተደርጎ አይታሰርም። በመጠኑ አስሮ፣ ጥቂት አራምዶ፣ እንደገና ማጥበቅ ይሻላል።

ስለ ምግብም ከበዓል ጋር የተያያዘ አደጋ አለ። የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ጋር ሲመዛዘን ትንሽ ነው፤ ከዚህም በላይ ፈረስ ማስታወክ አይችልም። ተፈጥሮው ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ሣር እንዲግጥ ነው። በዓል ሲቀርብ «ጕልበት ያግኝ» ተብሎ ገብስ በአንድ ጊዜ ቢጨመርለት የሆድ ቁርጠት ሊይዘው፣ በሰኮናውም ውስጥ የሚያነክስ ብርቱ ሕመም ሊያስከትልበት ይችላል። ገብስ መጨመር ካስፈለገ ለቀናት ጥቂት በጥቂት መሆን አለበት፤ ሣርና ድርቆሽም አይቀነስበትም። ከግልቢያ በኋላ ውሃ መከልከል የተለመደ ነው፤ የዛሬ ዕውቀት ግን የሞቀውን ፈረስ እያራመዱ ውሃ ማስጎንጨት ጉዳት እንደሌለው ያሳያል። ጉዳት ያለው ወዲያው እህል መስጠቱ ነው።

ሰኮናው በወር ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል። ወጣቱ በየቀኑ ከተረከዝ ወደ ፊት እየጠረገ ጠጠርና እበት ማውጣት፣ ሽታ ካለውም ማስተዋል ይበቃዋል፤ መቍረጡ የባለሙያ ሥራ ነው።

ስለ በሽታ ሁለት ነገር ብቻ እንጠቅሳለን። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ገዳይ ደዌ በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት ይተላለፋል፤ እነርሱም ከዝናብ በኋላ በምሽትና በሌሊት ስለሚበዙ ፈረሱን ያን ጊዜ በጋጣ ማሳደር ይረዳል፣ ክትባትም አለው። ሁለተኛው በአገራችን የጋሪ ፈረሶች ዘንድ የታወቀው፣ በእግርና በአንገት ላይ ተርታውን እየፈነዳ የሚያቈስለው የሻጋታ በሽታ ነው። ይህ በቍስል በኩል ስለሚገባ፣ ለበዓል ብሎ የሰው ኮርቻና ግላስ መዋዋስ መልካም ልማድ አይደለም።

በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1929 የተቋቋመ የወጣት ፈረሰኞች ማኅበር ልጆችን በየደረጃው ይፈትናል። በዚያ ፈተና ግልቢያና አያያዝ አብረው ስለሚታዩ፣ ጋልቦ ያለፈ ልጅ ስለ መኖና ስለ ሰኮናም ይጠየቃል። የእነርሱን ኮርቻና ልብስ መቅዳት አያስፈልገንም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ መፈተኑን ግን ብንወስደው አይጎዳንም።

ይህንንም ለመጀመር አዲስ ትምህርት ቤት መክፈት አያሻም፤ በዓሉ ራሱ ይበቃል። በረጅም ርቀት የፈረስ ውድድር ዘንድ የተለመደ ሥርዐት አለ። ፈረሱ ከሮጠ በኋላ ሐኪም የልቡን ትርታ ይቈጥራል፤ በብዙ ውድድሮች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በደቂቃ ወደ 64 ካልወረደ ፈረሱ ይሰናበታል። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ ትርታው በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ያህል ነው፤ ሰዓት ያለው ማንኛውም ወጣት በመንጋጋው ሥር ያለውን የደም ሥር በጣቱ ነክቶ ሊቈጥረው ይችላል። በእንጅባራም ሆነ ጉግስ በሚካሄድበት በሌላ ስፍራ፣ ለወጣቶች ሽልማት ከመሰጠቱ በፊት ኮርቻው ወርዶ ጀርባው ቢዳሰስ፣ አፉም ተከፍቶ ቢታይ፣ ትርታውም ቢቈጠር ወጪው ጥቂት ነው። ዳኞቹም ከሽማግሌዎቹ ፈረሰኞች መካከል ቢመረጡ ይሻላል፤ ፈረሱ ሲነካ ለምን ጆሮውን ወደ ኋላ እንደ ጣለ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።