ስለ አሞራ ገደል የሐይቅ ዳር መናፈሻ

ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐዋሳ ከደረሰ እንግዳ መካከል ወደ ሐይቁ ዳር ሳይወርድ የሚመለስ ጥቂት ነው። ከሚወርዱትም ብዙዎቹ የሚሄዱት አሞራ ገደል ወደሚባለው ሥፍራ ነው። ይህ ሥፍራ መናፈሻ ብቻ ሳይሆን የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ማረፊያና የዓሣ ገበያም ስለሆነ፣ የሚሠራውና የሚዝናናው ሰው አንዱን ዳርቻ እንዴት እንደሚካፈሉት ለመመልከት የተመቸ ነው።

አጥማጆቹ መረባቸውን ወደ ማታ ይዘረጉና ሌሊቱን አሳድረው በማለዳ ያነሡታል። ጀልባዎቹ ዳር ሲደርሱ ዓሣው ከመረቡ ይለቀማል፤ ወዲያውም ቆዳው ይገፈፋል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ይለያል፣ ይሸጣል። ከሚወጣው አብዛኛው ቆሮሶ ሲሆን አምባዛና ቢልጫም ይገኛሉ። ከገዢዎቹ ጥሬውን በዳጣ የሚበላ አለ፤ ጥብሱን ወይም ሾርባውን የሚመርጥም አለ። (የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከሁለተኛዎቹ ወገን ነው።) አጥንቱና ሆድ ዕቃው የአባ ኮዳ ድርሻ ነው። ይህ ራሰ በራ ትልቅ ወፍ፣ ካባ ደርቦ ነገር እንደሚሰማ ሽማግሌ፣ ከቢላዋው አጠገብ ዝም ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ዛፎቹ ላይ ደግሞ ጉሬዛና ጦጣ አሉ፤ ጦጣውማ ከጎብኚ እጅ ነጥቆ መብላትን ለምዷል።

እንግዲህ ጎብኚው ሊያየው የሚመጣው ነገር አብዛኛው የሥራው ትራፊ ነው ማለት ይቻላል። ዓሣው ባይወጣ አባ ኮዳ በዚያ ብዛት አይሰበሰብም፤ ሾርባውም አይኖርም። ስለዚህ ገበያው የመናፈሻውን ንጽሕና ያጎድላልና ይነሣ የሚል አሳብ ቢቀርብ፣ መናፈሻው በምን ሰው እንደሚስብ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የንጽሕናው ጉዳይ ግን ቀላል አይደለም። ሐይቁ ስፋቱ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ጥልቅ የሆነው ቦታ 22 ሜትር ያህል ነው። ዋናው ገባሩ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ነው፤ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንዲህም ሆኖ ውኃው እንደ ሻላና እንደ አቢጃታ ጨው አልሆነም። ሊቃውንት ምክንያቱን ሲያስረዱ ከመሬት በታች የሚሰርግ ውኃ አለ ይላሉ። ይሁን እንጂ የሚሰርገው ውኃው እንጂ ደለሉ አይደለም። ከሐይቁ በላይ የነበረው ጨለለቃ የተባለው ጥልቀት የሌለው ሐይቅ በደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል፤ ቀድሞ በእርሱ ላይ ይቀር የነበረው አፈርም ወደ ታች መውረዱ አይቀርም። በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ሐይቁ እጅግ ሞልቶ ከተማውን አስግቶ ነበር፤ ጎርፉን ለመከላከል የተሠራው ግድብም የምሽት መንሸራሸሪያ እስከ መሆን ደርሷል።

ከሁሉ የሚያከራክረው በዳርቻው ላይ ያለው ፊላና ቄጠማ ነው። ብዙ ሰው ተመንጥሮ ውኃው ወለል ብሎ ቢታይ ይወዳል። ነገር ግን ወንዱ ቆሮሶ ጎጆውን የሚቆፍረው ጥልቀት በሌለው በዳሩ ውኃ ነው፤ ሴቷም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ትንንሾቹ ዓሣዎች ከትልልቆቹ የሚሸሸጉት በቄጠማው ውስጥ ነው። ቄጠማውን የነቀለ ሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገበያውንም ይነቅላል። በሌላ በኩል የብልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚኖረው በዚሁ ቅጠል በበዛበት ዳር ስለሆነ፣ ይመንጠር የሚሉት ሰዎች ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። ለእነርሱ መልሱ በዚያ ቦታ አለመዋኘት ነው እላለሁ።

ጉማሬ ለማየት የሚሄዱት የሽርሽር ጀልባዎችም ሆኑ የአጥማጆቹ ጀልባዎች የሚያስፈልጋቸው ጠባብ መውጫ ነው። ከመውጫው ግራና ቀኝ ያለው ቄጠማ ሳይነካ ቢቀር፣ የዓሣውም ትራፊ ከወፎቹ የተረፈው ውኃ ውስጥ ከሚጣል በአንድ ጉድጓድ ቢከማች፣ ወጪው ከመግቢያው ክፍያ ሊሸፈን የሚችል ይመስለኛል።