በጊዜው ሳይሰማ ያለፈ ሸክላ

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ተብሎ የተነገረው ምሳሌ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለዘፈንም ይሠራል። በወጣበት ወራት እጅግ ተሞግሶ በዓመቱ የተረሳ ዘፈን ብዙ ነው፤ በወጣበት ቀን ማንም ዘወር ብሎ ሳያየው ቀርቶ ከብዙ ዘመን በኋላ ዋጋው የታወቀለት ግን ጥቂት ነው። ከነዚህም ከጥቂቶቹ አንዱ ኪንክስ የተባሉት እንግሊዛውያን ዘፋኞች በ1968 በአውሮጳውያን አቆጣጠር ያወጡት ሸክላ ነው። ስሙም ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኪንክስ የመንደር መስክ ጠባቂ ማኅበር ናቸው» ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር በብዙ መንደሮች መካከል ለሕዝቡ ሁሉ የተተወ ሣር የለበሰ መስክ አለና ስሙ ከዚያ የተወሰደ ነው።

የዘፋኞቹ አለቃና የግጥሙ ደራሲ ሬይ ዴቪስ፥ ጊታር መቺውም ታናሽ ወንድሙ ዴቭ ነው። ሁለቱ ከስድስት እኅቶች በኋላ የተወለዱ፥ በሰሜን ሎንዶን ያደጉ ልጆች ናቸው። ቤተ ዘመድ በፒያኖው ዙሪያ ተሰብስቦ መዝፈን የቤታቸው ልማድ ነበረ። በ1957 ሬይ 13 ዓመት ሊሞላው ሲል ከእኅቶቹ አንዲቱ ጊታር ሰጠችው። ልቧ የደከመ ነበርና በዚያችው ሌሊት በጭፈራ አዳራሽ ሳለች ዐረፈች፤ ልጁም የሚወደውን ስጦታና የማይሽረውን ኀዘን ባንድ ጊዜ ተቀበለ።

ኪንክስ በ1964 በአገራቸው የሽያጭ መዝገብ አንደኛ ለመሆን በቅተው ነበር። ከ1965 እስከ 1969 ግን በአሜሪካ ተዘዋውረው እንዳይዘፍኑ ስለ ተከለከሉ፥ ሬይ ሐሳቡን ወደ አገሩ ሰው ኑሮ መለሰ። ሸክላው በ12 ዘፈኖች ተዘጋጅቶ ሊወጣ ሲል፥ እርሱ ጥቂት ይቈይ ብሎ ለምኖ በ15 ዘፈኖች አስፈጸመው። ሆኖም የወጣበት ቀን ኖቬምበር 22 ቀን 1968 ቢትልስም ድርብ ሸክላቸውን ያወጡበት ቀን ነበረ። የኪንክስ ሸክላ በእንግሊዝም በአሜሪካም ከሽያጭ መዝገብ ሳይገባ ቀረ።

ዛሬ የሚያመሰግኑት ብዙዎች የድሮ ዘመን ናፍቆት ነው ይሉታል። ነገር ግን ልብ ብሎ ለሚሰማው ከዚህ የጠለቀ ነገር አለበት። በመጀመሪያው ዘፈን ሊጠበቁ ከሚገባቸው ነገሮች ጋራ የእንጆሪ ማርማላታና ትንንሽ ሱቆች፥ እንዲሁም ዶናልድ ዳክ የተባለው የሥዕል ዳክዬ ተቈጥረዋል፤ ስለዚህ ደራሲው በራሱ ናፍቆት ጥቂት እንደሚሥቅ ይታወቃል። በሌላው ዘፈን ዝናን ፍለጋ ከመንደሩ የወጣ ሰው የሚወዳት ልጅ ለባለሱቅ እንደ ተዳረች ይሰማል። በሌላውም የልጅነት ጓደኛውን ዋልተርን ሲያስብ፥ ዛሬ ቢገናኙ የሚነጋገሩት ነገር እንደማይኖራቸው ይረዳል። የመጨረሻው የእንፋሎት ባቡርም ዘፈን አለ፤ በዚያው ዓመት በአውግስት ወር የእንግሊዝ ምድር ባቡር የመንገደኞቹን የእንፋሎት ባቡር ከዋናው መሥመር አሰናብቶ ነበር።

ለቤተ ሰብ ይልቁንም የሚጠቅሙት ስለ ፎቶግራፍ የተዘፈኑት ሁለቱ ናቸው። አንደኛው የቤተ ሰቡን ሥዕል በደስታ ይገልጣል፤ ሸክላውን የሚዘጋው ሁለተኛው ግን ሰው ሰውን ፎቶግራፍ የሚያነሣው መኖሩን ለማስመስከር ነው ብሎ፥ የቀድሞውን ዘመን ሥዕል ማየት ምን ያህል እንደሚከብድ ይናገራል። እንግዲህ ደራሲው ያለፈውን ዘመን መልሱልኝ አላለም፤ እንደማይመለስ ዐውቆ ተሰናበተው እንጂ።

ሸክላው እየተላለፈ ከአባት ወደ ልጅ ደርሶ፥ በወጣ በ50 ዓመቱ በ2018 በእንግሊዝ አገር የወርቅ ሸክላ ማዕረግ ተሰጠው። ከመዝፈኞቹ አንዱ ፒት ኩዌይፍ ግን በ2010 ዐርፎ ነበርና ይህን ክብር አላየም።

በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶግራፍ አለ። መልክን ያሳያል እንጂ በዚያ ቀን ምን እንደ ተባለ፥ ማን እንደ ሣቀ፥ ማንስ እንደ ቀረ አይናገርም። ይህን የሚናገሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ገና በአጠገባችን ሳሉ፥ ልጆቻችንን አስቀምጠን ልናስጠይቃቸው ይገባል።