ካቢኔቱ መጣ፤ ፈታሹስ?

በሰሜኑ ጦርነት፣ በጳጉሜን 2013 ዓ.ም.፣ ቆቦ ውስጥ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ። በነሐሴ 2014 ደግሞ በዚያው በራያ ቆላ ውጊያው እንደገና ተቀሰቀሰ። በዚሁ ጦርነት የወልድያና የደሴ ሆስፒታሎች ዕቃቸው ተዘርፏል። ከዚያ ወዲህ ስለ መልሶ ግንባታ በተነሳ ቁጥር የሚቆጠረው ዕቃ ነው፤ ማይክሮስኮፕ፣ ሴንትሪፉጅ፣ ባዮሴፍቲ ካቢኔት። የመጨረሻው ግን ከሌሎቹ የተለየ ጠባይ አለው። ማይክሮስኮፕ ሲበላሽ ማንም ያውቃል። ካቢኔት ግን ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ የቲቢ ጀርም ፊቱ ላይ ለተቀመጠው ባለሙያ ሊያደርስ ይችላል።

በብዛት የሚገኘው የሁለተኛው ክፍል ኤ2 ካቢኔት አየርን በፊት ክፍተቱ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከላይ ደግሞ በሄፓ ፊልተር የተጣራ አየር ወደ ሥራ ቦታው ያወርዳል። ወደ ውስጥ የሚገባው አየር በሰከንድ በአማካይ ቢያንስ 0.51 ሜትር መጓዝ አለበት። ይህን የሚያረጋግጠው ሠልጥኖ የተፈተነ ፈታሽ ነው። የዘይት ጭጋግ በፊልተሩ ወዲያኛው ወገን ይለቃል፤ ከዚያ ጭጋጉን የሚለካውን የፎቶሜትር አፍ ከፊልተሩ ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል አርቆ ገጹን በሙሉ፣ በሰከንድ ከ5 ሴንቲሜትር ሳይፈጥን ያስሳል። ዳርቻውን የያዘው ጎማም አይታለፍም። ከጭጋጉ ከ0.01 በመቶ በላይ ካለፈ ፊልተሩ ያፈሳል ማለት ነው። ቀጥሎ በፊት ክፍተቱ ላይ ጭስ ይለቃል፤ ጭሱ ወደ ውጭ ከተመለሰ ካቢኔቱ አልፏል አይባልም። ፍተሻው ካቢኔቱ ሲተከል፣ በየዓመቱ፣ እንዲሁም ከቦታው በተነሳ ቁጥር ይደገማል። ከአንዱ ክፍል ወደ ጎረቤት ክፍል ቢዛወር እንኳ።

እኛ አገር አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ ከፍታው። በጋለ ሽቦ የሚሠራው የአየር ፍጥነት መለኪያ የተስተካከለው ለባሕር ጠለል አየር ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ስለሆነ መለኪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ሩብ ያህል አሳንሶ ያነባል። የማስተካከያውን ሂሳብ ያልተማረ ሰው ካቢኔቱ ደክሟል ብሎ ሞተሩን ይጨምራል፤ ደህና የነበረውን የአየር ሚዛን በገዛ እጁ ያናጋዋል። ወደ ቆቦ ሲወርድ ደግሞ ከፍታው 1,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ሙቀቱም አየሩን ያሳሳዋል። ልዩነቱ ወደ አምስተኛ እጅ ይጠጋልና በደሴ የተጠቀመበት ማስተካከያ ቆቦ ላይ አይሠራም። ለዚህ ነው ሥልጠናው በእኛው መሬት ላይ መሰጠት አለበት የምለው።

በራያ ሙቀት ቬንቲሌተር የማይከፍት ሰው የለም። ካቢኔት አጠገብ የሚሽከረከር ቬንቲሌተር ግን፣ የተከፈተ በርም ቢሆን፣ የፊቱን የአየር መጋረጃ ይሰብራል። መብራት ሲጠፋም ጥበቃው አብሮ ይጠፋል፤ ሥራው ወዲያው መቆም፣ ናሙናውም መከደን አለበት። ከባለሙያዎቹ ጋር ቁጭ ብሎ ይህን የሚያስረዳውም ፈታሹ ነው።

ካቢኔት ለሁሉም ይግባ ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው የቲቢ ላቦራቶሪ ደህንነት መመሪያ፣ አክታን በቀጥታ በማይክሮስኮፕ ማየትና የጂን ኤክስፐርት ምርመራ አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ክፍል፣ ያለ ካቢኔት ሊሠሩ ይችላሉ። ነፋሱ ከሠራተኛው ጀርባ መጥቶ በናሙናው በኩል በመስኮት ይውጣ እንጂ። ካቢኔት የግድ የሚሆነው ጀርሙ ለሚራባበት የካልቸር ሥራ ነው። ለወረዳ ላቦራቶሪ ፈታሽ አይቶት ከማያውቅ ካቢኔት ይልቅ በአግባቡ የተከፈተ መስኮት ይሻላል፤ ያልተፈተሸ ካቢኔት ሰውን ያዘናጋል።

የሙያው ዕጩዎች አሉን። ጅማን ጨምሮ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ባዮሜዲካል መሐንዲሶችን ያስመርቃሉ። የጎደለው ቀጣዩ ደረጃ ነው። አሜሪካን አገር በኤንኤስኤፍ 49 የካቢኔት መስፈርት ዕውቅና የሚፈልግ ፈታሽ የጽሑፍም የተግባርም ፈተና ይወስዳል፤ ሙያው እጅን ይጠይቃልና። ፎቶሜትሩና የፍጥነት መለኪያውም ራሳቸው በየጊዜው ካልተስተካከሉ ፈታሹ ምንም ያህል ቢሠለጥን ቁጥሩ አይታመንም።

ደሴን ማዕከል ያደረጉ፣ መሣሪያቸውን ይዘው በዓመት አንዴ እስከ ቆቦ የሚወርዱ ሁለት ፈታሾች የሰሜን ወሎን ጉዳይ ብዙ ያቃልሉታል። ካቢኔት የሚለግስ ድርጅት የመጀመሪያውን ፍተሻና የአንድ ኢትዮጵያዊ ፈታሽ ሥልጠና በዚያው ውል ውስጥ ያስገባ። ተረካቢው ሆስፒታልም የጭሱና የፊልተሩ ውጤት በጽሑፍ ሳይደርሰው የርክክብ ሰነዱን አይፈርም።