ዋሻውን የሚጠብቅ ወንዙን ይጠብቅ

የኖራ ድንጋይ ጽኑ ቢመስልም ውሃ ያሟሟዋል። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ሲወርድ ለስላሳ አሲድ ይሆንና የዐለቱን ስንጥቅ እያሰፋ በብዙ ሺህ ዓመታት ዋሻ ያወጣል። የወይብ ወንዝ ሶፍ ዑመርን የፈለፈለው በዚሁ መንገድ ነው። እንዲህ ያለው ምድር በሳይንስ «ካርስት» ይባላል፤ ስሙም የተገኘው በስሎቬኒያና በኢጣሊያ ወሰን ላይ ካለው ክራስ ከሚባለው አምባ ነው።

ስሎቬኒያ ስፋቷ 20,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ ትንሽ አገር ናት፤ ከምድሯም ከ40 በመቶ የሚበልጠው ካርስት ነው። በዚያች አገር ሬካ የሚባል ወንዝ አለ፤ ትርጉሙም በቋንቋቸው «ወንዝ» ማለት ነው። ሬካ ከስኔዥኒክ ተራራ አካባቢ ተነሥቶ በሸለቆ ከፈሰሰ በኋላ፣ ሽኮትስያን ሲደርስ ዋሻ ገብቶ ይሰወራል። ከዚያም ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በከርሰ ምድር ተጉዞ፣ ቲማቮ ተብሎ በኢጣሊያ ባሕር አጠገብ ብቅ ይላል።

የሽኮትስያን ዋሻዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፉ። ዳሩ ግን በዚያን ጊዜ ከወንዙ በላይ ያሉ ፋብሪካዎች ቆሻሻቸውን ወደ ሬካ ይለቁ ስለነበር፣ በተከበረው ዋሻ ውስጥ የሚያልፈው የተበከለ ውሃ ነበር። ወንዙ መጥራት የጀመረው ዋሻው ቅርስ ስለተባለ ሳይሆን፣ በ1990 ግድም ዋናው በካይ ፋብሪካ ማምረቱን ካቆመ በኋላ ነው።

ይህ ጉዳት በካርስት ምድር የሚብሰው ስለምንድን ነው? በአሸዋና በወፍራም አፈር ውስጥ ውሃ ቀስ እያለ ሲሰርግ ይጣራል። በካርስት ግን አፈሩ ስስ፣ ስንጥቁም ሰፊ ስለሆነ፣ አንዱ ጉድጓድ የተጣለው መርዝ ሳይጣራ ሩቅ ካለ ምንጭ ይደርሳል። የጣለውና የሚጠጣው ሰው አይተዋወቁም።

ስለዚህም በ1996 የወጣው የፓርኩ ሕግ 413 ሄክታር ከልሎ ብቻ አላበቃም። የሬካ ውሃ የሚሰበሰብበትን፣ ከፓርኩ መቶ እጥፍ ያህል የሚሰፋውን ምድር ጭምር በጥበቃው ሥር አስገባው።

እንግዲህ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ስንወያይ «ክልሉ ስንት ሄክታር ነው?» ከማለት አልፈን «ውሃውስ ከወዴት ይመጣል?» ብለን እንጠይቅ። ሶፍ ዑመርን እንጠብቅ የምንል ከሆነም፣ ጥበቃው መጀመር ያለበት ወይብ ከሚነሣበት ከባሌ ተራሮች ነው።