ተጋድመው የሚያበሩ ሞለኪውሎች

በብዙ የእጅ ስልኮችና ቴሌቪዥኖች ስክሪን ላይ የምናየው ብርሃን የሚመነጨው ካርቦንን መሠረት ካደረጉ ስስ ንጣፎች ነው። የንጣፎቹ ጠቅላላ ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ናኖሜትር፣ ማለትም ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ነው። መሣሪያዎቹ ኦርጋኒክ ብርሃን አመንጪ ዳዮዶች፣ በአጭሩ ኦሌድ፣ ይባላሉ። ይሁን እንጂ በንጣፉ ውስጥ ከሚፈጠረው ብርሃን አብዛኛው ወደ ውጭ ሳይወጣ ይባክናል። ለምን? ሞለኪውሎቹ ቆመው ወይም ተጋድመው መገኘታቸውስ ምን ለውጥ ያመጣል? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ብርሃኑ እንዴት ይፈጠራል?

እ.ኤ.አ. በ1987 ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ የተባሉ የኮዳክ ኩባንያ ተመራማሪዎች ሁለት ኦርጋኒክ ንጣፎችን አነባብረው ከ10 ቮልት በታች የሚያበራ ዳዮድ ሠሩ። በእንዲህ ያለው ዳዮድ ከካቶድ ኤሌክትሮኖች፣ ከአኖድ ደግሞ «ሆል» የተባሉ የኤሌክትሮን ክፍተቶች ወደ ንጣፉ ይገባሉ። ሁለቱ በአንድ ሞለኪውል ላይ ሲገናኙ ሞለኪውሉ ይነቃቃል፤ ወደ ቀድሞ ሁኔታው ሲመለስም ትርፍ ኢነርጂውን በፎቶን መልክ ይለቃል። በዚያ ዳዮድ ከገቡት 100 ኤሌክትሮኖች ወደ ውጭ የወጣው ፎቶን 1 ያህል ብቻ ነበር። ከ1998 ወዲህ ፕላቲነምና ኢሪዲየም ያለባቸው ሞለኪውሎች ሥራ ላይ ሲውሉ ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን አንድ ፎቶን ማግኘት ተቃረበ። ፎቶኑን ከንጣፉ ማውጣት ግን ሌላ ችግር ሆኖ ቀረ።

ብርሃኑ ለምን ይታፈናል?

የኦርጋኒክ ንጣፍ የብርሃን ስብረት ኢንዴክስ 1.7 ገደማ ሲሆን የአየር 1 ነው። 1ን ለ1.7 ስናካፍል 0.59 እናገኛለን፤ ሳይኑ 0.59 የሆነው አንግል 36 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ለንጣፉ ገጽ ቀጤ ነክ ከሆነው መስመር ከ36 ዲግሪ በላይ ያዘነበለ ጨረር ወደ አየር አይወጣም፤ ተንጸባርቆ ይመለሳል። ምንጩ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ቢያበራ የሚያመልጠው አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ ነው። የቀረው በንጣፉና በመስታወቱ ውስጥ ሲመላለስ ይጠፋል፤ ወይም በካቶዱ ብረት ተውጦ ወደ ሙቀት ይለወጣል።

ሞለኪውል እንደ አንቴና

ደግነቱ፣ አንድ ሞለኪውል በሁሉም አቅጣጫ እኩል አያበራም። ብርሃን ሲሰጥ እንደ ጥቃቅን አንቴና፣ በፊዚክስ ቋንቋ እንደ ዳይፖል፣ ይሠራል። በዳይፖሉ ዘንግ አቅጣጫ ምንም ብርሃን አይሄድም፤ ከዘንጉ በ90 ዲግሪ አቅጣጫ ግን ብርሃኑ ከፍተኛ ነው። ዳይፖሉ በንጣፉ ላይ ቢቆም ብርሃኑን ወደ ጎን ይልካል፤ ያም ብርሃን ይታፈናል፣ በካቶዱም ይበልጥ ይዋጣል። ዳይፖሉ ቢጋደም ግን ብርሃኑ በብዛት ወደ ስክሪኑ ፊት ያመራል። አቀማመጡ በዘፈቀደ ሲሆን ሁለት ሦስተኛው የተጋደመ፣ አንድ ሦስተኛው የቆመ ያህል ይቆጠራል።

ምን ያጋድማቸዋል?

ንጣፉ የሚሠራው ሞለኪውሎቹን በቫኪዩም ውስጥ አትንኖ በመስታወት ላይ በማሳረፍ ነው። ሥርዓተ ክሪስታል በሌለው እንዲህ ባለ ንጣፍ ሞለኪውሎቹ እንደ ዘበት የተበተኑ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ግን የጃፓን ተመራማሪዎች ረጃጅም ሞለኪውሎች በብዛት ተጋድመው እንደሚገኙ በልኬት አሳዩ። አዲስ የደረሰ ሞለኪውል በገጹ ላይ ለጥቂት ጊዜ ይንቀሳቀሳል፤ ረጅም ከሆነም መጋደም ይቀናዋል። ተከታዮቹ ሞለኪውሎች ወዲያው ስለሚጭኑት በዚያው አኳኋን ይቀራል። ስለዚህ የሞለኪውሉ ቅርጽና የመስታወቱ ሙቀት ወሳኞች ናቸው። መስታወቱ ከመጠን በላይ ቢሞቅ ሞለኪውሎቹ እንደገና ይዘበራረቃሉ።

ውጤቱና የቀረው ሥራ

እ.ኤ.አ. በ2013 የሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተጋደመ ዳይፖል ባለው የኢሪዲየም ውሁድ ከ100 ኤሌክትሮኖች 30 ያህል ፎቶን ወደ ውጭ ማውጣት ችለዋል። ይህም ያለ ተጨማሪ ሌንስ የተገኘ ነው። ያንኑ ድምቀት ባነሰ የኤሌክትሪክ ፍሰት ማግኘት ማለት ባትሪ መቆጠብ ብቻ ሳይሆን የሞለኪውሎቹን ዕድሜ ማራዘምም ነው፤ በተለይ ቶሎ ለሚያረጁት ሰማያዊ አመንጪዎች ጥቅሙ ከፍ ያለ ነው። በሌላ በኩል፣ በፈሳሽ ሟሙተው በርካሽ ዋጋ የሚታተሙ ንጣፎች ውስጥ ትንንሾቹን ሞለኪውሎች ማጋደም ዛሬም አስቸጋሪ ነው። አንድ ንጣፍ ከምን እንደተሠራ የሚጠይቅ ተማሪ፣ ሞለኪውሎቹ እንዴት እንደተቀመጡም አብሮ ይጠይቅ ዘንድ እናሳስባለን።