የኋላ አሞርዛተር ላይ ያለችው ቀለበት

ደነባ ውስጥ ሞተር ብቻውን ሲሄድ ብዙ አይታይም፤ ከኋላ ወይ ሰው አለ ወይ የጤፍ ጆንያ። የሞላው ቀለበት ግን ሁሌም የላላው እርከን ላይ ነው። ለምን?

ቀለበቷ ሞላውን ጠንካራ አታደርገውም፤ አስቀድማ ስለምትጨምቀው የተቀመጠውን የኋላ ክፍል ከፍ ታደርገዋለች። ልኩን ለማወቅ የኋላ ጎማው እስኪንጠለጠል አንሱትና ከጎማው መሐል ቀጥ ብሎ እስከ ኮርቻው ሥር ለኩ። ከዚያ የዘወትር ጭነታችሁን አድርጋችሁ፣ ተቀምጣችሁበት ድገሙት። የወረደው ከጎማው ጠቅላላ እንቅስቃሴ ሩብ እስከ ሲሶ ይሁን፤ እንቅስቃሴው 100 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ25 እስከ 33 ማለት ነው። ድንጋይ ላይ የሚወጡት የትራያል ተወዳዳሪዎችም ወደ ሲሶው ያደላሉ፤ ጎማው ወደ ጉድጓድ የሚወርድበት ትርፍ ያስፈልገዋላ!

ከዚያ በላይ ከወረደ ቀለበቷን አጥብቁ፣ ካነሰ አላሉ፤ የግራውንና የቀኙን አሞርዛተር ቀለበት እኩል እርከን ላይ አድርጉ። በክረምት መረሬው ቀለበቷ ሥር ይደርቃል፤ ሳታጥቡ በቁልፍ ከታገላችሁ እርከኑን ትበሉታላችሁ።

የአሞርዛተሩን ዘንግ ዘይት ካረጠበው ግን ቀለበት አትንኩ። የሞላውን ዝላይ የሚገታው ያ ዘይት ነው፤ ሁለቱንም አሞርዛተሮች አንድ ላይ ቀይሩ።